ሠላሳ ሦስት ዙር

ሸክላው ከጅቡቲ በሌሊት ባቡር፣ በሸሚዝ ተጠቅልሎ፣
በጉሌድ አጎት እጅ መጣ፣ ከሰርዲን ካርቶን ተቀላቅሎ።
ለኛ «ከመርከበኛ ገዛሁት» አለ፤ ለሚስቱ «በጫት ለወጥኩት»፤
እኔ ሁለቱንም ወሬ አንድ ላይ አምኜ ያዝኩት።

ፎቶ የለው፣ ልባስ የለው። መሐሉ ላይ ቢጫ ወረቀት፣
የኩባንያው ስም እንደ ሱቅ ታፔላ የተኮፈሰበት፤
የዘፋኞቹ? የወፍ ስም ነው፣ በብዙ ቁጥር፣ በደቃቅ ፊደል፤
የማን ልጅ፣ የየት ሰፈር ልጅ እንደሆኑ፣ አንዲት ቃል
የለም።

አጎፕ ከአባቱ ሱቅ፣ ከከዚራ፣ ማጫወቻ ሰረቀ።
ቀዳዳው ሰፍቶ ሸክላው ዋለለ፤ ኦርዶፋ ቡሽ ፋቀ፣
መሐሉ ላይ ወተፈበት፤ ዞረ።
የፍጥነት ቁልፉ ግን ዝጎ፣ ሠላሳ ሦስት ላይ ደርቆ ቀረ፤
አርባ አምስት የሚባል ዙር እንዳለ ማንስ ነግሮን፣
እንደዚያው ሰማነው፤ እንደዚያው አስለቀሰን።

ከታች አንዱ «ዶም» ይላል፣ ዶ...ም፣ ጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀ በሬ፤
ከላይ አንዱ ብቻውን ይለምናል፤ ምን እንደሆነ አልገባኝም እስከ ዛሬ፤
ከመሐል ሦስቱ «ዋ...» ይላሉ፣ ቀስ ብሎ እንደሚከፈት በር።
ከበሮ የለ፣ ጊታር የለ። የነበረው ትንፋሽ ነበር።

ይልቃል፣ ከመሐላችን እንግሊዝኛ የሚያውቀው፣ አርባ ቃል ቢሆን ነው፣
«ድሆች ናቸው» አለን፣ «ጥቁሮች፤ መሣሪያቸው ግድግዳው ነው፤
ከደረጃ ሥር፣ ከመንገድ ጥግ፣ ከምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ
ቆመው፣ ጡቡ ድምፃቸውን እስኪመልስ ይዘፍናሉ።»
ከየት እንዳወቀው አልጠየቅንም። «ሽማግሌዎች» ብሎ ጨመረበት፤
አመንነው። ሃምሳ ዓመት ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር በእውነት።

እኛስ ግድግዳ አጣን እንዴ? የደቻቱ ድልድይ አለ፤
ውሃ የሌለበት ወንዝ፣ አሸዋው የቀን ግለት ያዘለ።
ጉሌድ በሶማሊኛ ያልማል፤ አጎፕ በአርመንኛ ብር ይቆጥራል፤
ኦርዶፋ ሲናደድ ኦሮምኛው ካማርኛው ይቀድማል፤
«ዶም»ን ግን ማንም ከእናቱ አልተማረም፤
ስለዚህ ማንም አልተሳሳተም።

እኔ የመሐሉ ነበርኩ። ከላይ ያልሆነ፣ ከታች ያልሆነ፣
በአራት ሰው ድምፅ ውስጥ እንደ ጨው የተበተነ።
«አንተ የምትሰማው ዝም ስትል ነው» ይለኝ ነበር ኦርዶፋ፤
ምስጋና መሆኑ የገባኝ እሱ ሲጠፋ።

አንድ ቅዳሜ በባቡር ሠራተኞች ክበብ ቆመን ዘፈንነው።
ሰው ዳንሱን ተወ። አንድ ፍሬናተር ቆቡን አውልቆ፣
«ማን ሞተባችሁ?» አለን።

ጉሌድ ሃዲዱን ተከትሎ ወረደ፤ እዚያው ጅቡቲ ቀረ።
የአጎፕ ሱቅ በአዋጅ የሌላ ሆነ። ይልቃልን በሌሊት መጡበት፤
መዝገበ ቃላቱ እኔ ዘንድ አደረ፣
እስካሁን እዚያው አለ። የኦርዶፋን ነገር የሚነግረኝ አላገኘሁም።
ባቡሩም ቆመ።

ባለፈው ጥር፣ ታይዋን ገበያ፣ ስልክ ጠጋኝ ልጅ ዘንድ፣
ያው ዘፈን ከእጁ ወጣ፤ አወቅሁት፣ አላወቅሁትም፣ ባንድ።
ይሮጣል! ይስቃል! ያ ከታች፣ በሬ ያልነው፣
ጺም ያላበቀለ ጎረምሳ ነው።
ልጆች ነበሩ። እንደኛው ልጆች፣ አንዲት ልጅ ወድደው የሚቅበጠበጡ፤
በዛገ ቁልፍ ያስረጀናቸው እኛ፣ ሽበት ሳያወጡ።

አሁን ሰባ አራቴ ነው። ማታ ማታ ደቻቱ እወርዳለሁ፣
ፊቴን ለግንቡ ሰጥቼ እጀምራለሁ።
ጉልበቴም ትንፋሼም ዛሬ ሠላሳ ሦስት ላይ ናቸው፤
ደረስኩባቸው።
«ዋ...» እላለሁ። ግንቡ የሰጠሁትን ይመልሳል እንጂ ሰው አይጨምርም።

ትናንት አንድ ባለ ባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ አደመጠኝ፤
«አባባ፣ ይሄ የምን ዘፈን ነው?» አለኝ።

«መሐሉ ነው» አልኩት።